በወጣህበት ማርሽ ውረድ

ድሬዳዋ ውስጥ የባሌን ሞተር የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት ከባቡር የወረደ እንግዳ መሆን አለበት። ባሌ ስሙ ተማም ነው፤ የአባቱን ስም የሚያስታውስለት ግን የለም፣ «ተማም ሞተሩ» ነው የሚባለው። እኔ መጋላ ገበያ ሳምቡሳና ባጊያ እየጠበስኩ የምሸጠው ደግሞ «የሞተሩ ሚስት» ነኝ። ቱሪያ የሚለውን ስም እናቴ ያወጣችልኝ ለከንቱ ነው። አቦ፣ እንዳሻቸው ይጥሩኝ፤ ስም ሆድ አይሞላም።

ሞተሩ የጣሊያን ነው። በንጉሡ ጊዜ ትልቅ ሰው ሲመጣ ፖሊሶች ከፊት ከፊት ያጅቡበት ነበር። አርጅቶ በሐራጅ ሲወጣ ተማም ገዛው፣ እኔን ባገባኝ በዓመቱ ነው። ከእኔና ከሞተሩ ማንን እንደሚያስበልጥ ጠይቄው አላውቅም፣ መልሱን ስለማውቀው። ሲያስነሳው የጎረቤት ጣሳ ከመደርደሪያ ይወርዳል። በዚያ ሞተር ለአንድ መሥሪያ ቤት ፖስታና መድኃኒት ሐረር ያደርሳል፣ ከሐረርም ያመጣል። እንጀራችን እሱ ነው።

ቤንዚን በኩፖን ከሆነ ወዲህ ደግሞ ተማም አንድ ሙያ ጨመረ። የእሱ ሙያ አልኩ እንጂ የድሬ ሾፌር ሁሉ ሙያ ነው። ከሐረር ሲመለስ ደንገጎ ተራራ አናት ላይ ሲደርስ ማርሹን ዜሮ ያደርግና ሞተሩን ያጠፋዋል። ከዚያ በኋላ እስከ ታች የሚነዳው ቁልቁለቱ ነው። ድምፅ የለ፣ ጭስ የለ፣ እንደ አሞራ ይወርዳል። የጭነት መኪናውም ታክሲውም ያንኑ ነው የሚያደርገው። ቤንዚን እያቃጠለ ደንገጎን የሚወርድ ሰው ካየን «ይሄ የአዲስ አበባ ሰው ነው» ብለን እንስቃለን።

በተረፈችው ቤንዚን ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቢዮ አዋሌ ዘመዶቻችን ጋ እንሄድ ነበር። ተማም ከፊት፣ ልጃችን መሃል፣ እኔ ከኋላ፣ ነፋሱ እንዳይወስድብኝ ሻሼን በጥርሴ ነክሼ። በዚህ ዓለም ደስ ብሎኝ ያውቃል ከተባለ ያኔ ነው።

ልጃችን አብዲራህማን ነው፣ አብዲ። ከእሱ በፊት ሁለት ቀብሬያለሁ፤ ከእሱ በኋላ ደግሞ ማህፀኔ እምቢ አለ። አላህ የተወልኝ እሱን ብቻ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ነጥብ ሳይመጣለት ቀረ። ዩኒቨርሲቲ ያልገባ ልጅ ደግሞ ያኔ የቤቱ ልጅ አይደለም፣ የቀበሌ ነው። አንድ እሑድ ስብሰባ ጠሩን። ስለ እናት አገር ብዙ ተወራ፣ ከዚያ የልጆች ስም ይጠራ ጀመር። የዳሃቦ ልጅ ዒልሚ ተጠራ፣ ቀጥሎ የእኔው። ዳሃቦ የፍየል ወተት የምትሸጠው ጎረቤቴ ናት፤ ክንዴን ይዛ ስትጨምቀኝ አጥንቴን አመመኝ። ማልቀስ የሚቻልበት ቦታ አልነበረምና አጨበጨብን።

ብሔራዊ ውትድርና ማለት ሁርሶ ማሠልጠኛ ነው፤ ሁርሶ ማለት ደግሞ ሰሜን ነው። ሰሜን ምን ማለት እንደሆነ ሰፈራችን አብጠርጥሮ ያውቃል። አንድ እግሩን ጥሎ የመጣ ልጅ አለ፣ ሻይ ቤት በር ላይ ተቀምጦ የሚውል። እናቱ በእሱ ስንት ጊዜ «አልሐምዱሊላህ» እንደምትል ብትሰሙ ታዝናላችሁ። ሌሎቹ እናቶች ይቀኑባታል። ወላሂ ይቀኑባታል።

ወሬውን ያመጣችው ዳሃቦ ናት። ሁርሶ ውስጥ ገብረወልድ የሚባል አንድ ሻምበል አለ፤ ለድሬ ከተማ የሞተር አጃቢ እየመለመለ ነው፤ ባለሥልጣን ሲመጣ ከፊቱ የሚሄዱ። ትልቅ ሞተር መንዳት የሚችል ምልምል ይፈተናል፣ ያለፈ እዚሁ ከተማ ይቀራል፣ ሰሜን አይላክም።

«ከማን ሰማሽ?» አልኳት።

«ከአንዱ አሥር አለቃ ሚስት። ወተት ስትወስድ ነው የነገረችኝ።»

ሳምቡሳዬን ለእሷ ትቼ ወደ ቤት ሮጥኩ። እስከዚያች ቀን ድረስ አብዲ ያንን ሞተር ቢያጥበው እንጂ እንዲነዳው ተፈቅዶለት አያውቅም። ተማም በሞተሩ ቀናተኛ ነው።

«ተማም» አልኩት፣ «ያን የማይነካውን ሞተርህን ዛሬ ልጄ ይነካዋል።»

ነገሩን ስነግረው ይሳደባል ብዬ ነበር። ቁልፉን ከኪሱ አወጣና ለልጁ ሰጠው። ምን ያህል እንደፈራ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ለመሄድ ጥቂት ሳምንት ነበር የቀራቸው። ትምህርቱ ከዚራ ሰፈር ነው የተጀመረው፣ ከምሳ በኋላ፣ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ቤት አስገብቶ መንገዱ ባዶ ሲሆን። ተማም መጀመሪያ ልጁን እንዲነዳ አላደረገውም። ከኋላው አስቀመጠውና ዓይኑን በእኔ ሻሽ አሰረው።

«ማርሽ የሚቀየርበት ሰዓት ሲደርስ ትከሻዬን ምታ» አለው።

አብዲ ይመታል። «ፈጠንክ» ይለዋል አባቱ። ደግሞ ይመታል። «ዘገየህ።» ከዛፎቹ ሥር ወዲያ ሄደው ወዲህ ይመለሳሉ። እንቅልፋቸውን ያጡ ሰዎች በመስኮት ይራገማሉ፣ እኔ ደግሞ ለተራገመው ሁሉ መልስ እሰጣለሁ።

«ይሄ ትንሽ ሞተር አይደለም» ይለዋል ተማም። «ትንሹን ሞተር እስኪጮህ ትጠብቀዋለህ። ይሄኛው ከጮኸ አንተ ረፍዶብሃል። ታንኩን በጉልበትህ ጠበቅ አድርገህ ያዘው፣ የሚነግርህ እዚያ ነው። መንቀጥቀጡ ለስለስ ሲልልህ ሌላ ማርሽ ስጠኝ እያለህ ነው። ዳገት ላይ እንደ ሽማግሌ ማሳል ሲጀምር ደግሞ ከብዶታል፤ እስኪለምንህ አትጠብቅ፣ ማርሹን ቀንስለት።»

«አንተ ሰውዬ» እለዋለሁ ከጥላው ሥር፣ «ሞተር ነው የምታስተምረው ወይስ ሙሽራ አያያዝ?»

አብዲ ይስቃል። ተማም አይስቅም። «ሱታ፣ ሱታ» ይለዋል ልጁን፤ ቀስ በል ማለቱ ነው፣ ሲጨንቀው ኦሮምኛው ይቀድመዋል።

አንድ ቀን የልጁ እጅና የአባትየው እግር እኩል ሆኑ። ተማም ሞተሩን አቆመ፣ ወረደ፣ ከኋላ ተቀመጠ። አብዲ መሪውን ያዘ። መጀመሪያ ላይ ወድቆ የጭስ ማውጫው ባቱን አቃጠለው፣ ሬት ቀባሁለት፣ በማግሥቱ ተመልሶ ወጣበት። ማሻአላህ፣ ልጁ አባቱን ወጣ። ማርሽ ሲቀይር ከኋላው የተቀመጥኩት እኔ እንኳ አላውቅም ነበር፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ አንገቴ አይነቃነቅም።

በመጨረሻው ሳምንት ደንገጎን ወጣን፣ ሦስታችንም፣ አብዲ ከፊት ሆኖ። ዳገቱን እንዴት እንደወጣው ልንገራችሁ? ከእያንዳንዱ ኩርባ በፊት ሳይቀደም ይቀንሳል፣ ኩርባውን ሲጨርስ ይጨምራል። ሞተሩ አንዴም አላሳለም። አናት ላይ ስንደርስ ተማም በልጁ ትከሻ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ «በል አሁን አጥፋው» አለው። አብዲ ማርሹን ዜሮ አድርጎ አጠፋው። ዝም ብለን ወረድን። የነፋሱ ድምፅና የልጄ ሳቅ ብቻ ነበር የሚሰማው። ታች ስንደርስ ተማም ታንኩን ከፍቶ አየና፣ «ጠብታ አላባከንክም፣ ጎሽ» አለ። ተማም ሰው አሞግሶ አያውቅም። አብዲ ያን ቀን እራቱን እንኳ በደንብ አልበላም፣ ሲስቅ አመሸ።

ከዚያ ሁርሶ ወሰዷቸው። ልጠይቀው ሄጄ ፀጉሩን ላጭተውት አየሁት፤ ጆሮው ትልቅ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። ዳሃቦ ደግሞ ሌላ ጭንቀት ይዟታል። ዒልሚዋ ከሳይክል ሌላ ነድቶ አያውቅም፣ ግን «እችላለሁ» ብሎ ዋሽቶ ተመዝግቧል። አብዲ አዘነለትና ካምፕ ውስጥ አልጋ ላይ ቁጭ አድርጎ፣ በማንኪያና በገመድ ይሄ ፍሪሲዮን ነው፣ ይሄ ማርሽ ነው እያለ አስተማረው። ሁለተኛ ማርሽ ድረስ አሳየው፣ ለቀረው ጊዜ አልበቃም። እኔ እንኳን «የራስህን ፈተና አስብ» ብዬው ነበር። «እማ፣ እኔማ ደንገጎን ዓይኔን በጨርቅ ታስሬም እወጣዋለሁ» አለኝ።

የፈተናው ቀን እኔ፣ ተማምና ዳሃቦ ደንገጎ ሥር፣ ቁልቁለቱ የሚያልቅበት ቦታ ሄድን። ወታደሮች ወደ መንገዱ እንዳንጠጋ ከለከሉን፣ ከድንጋዩ ጥግ ቆመን ማየት ግን ይቻላል። ተማም ሞተሩን ከእኛ ራቅ አድርጎ አቁሞ ተደግፎት ቆመ። ሻምበል ገብረወልድን ያየሁት ያኔ ነው፤ ቀጭን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር፣ ሲናገር ሰው የማይገላምጥ። ክፉ ፊት ቢኖረው ኖሮ ዛሬ ነገሩ ይቀለኝ ነበር።

ልጆቹ አንድ በአንድ በሠራዊቱ ትልልቅ ሞተር ዳገቱን ይወጣሉ፣ አናቱ ላይ ያለው ወታደር ያይና ይመልሳቸዋል፣ እዚህ ሻምበሉ ፊት መጥተው ይቆማሉ። አንዱ መሃል ላይ ጠፋበት። አንዱ ወደቀ። ዒልሚ ሲወጣ ማርሹን ሲያስገባ የሚሰማው ድምፅ ወፍጮ ውስጥ ድንጋይ የገባ ይመስል ነበር፤ ዳሃቦ ዓይኗን ጨፈነች። ሲወርድ ማርሹን ለመንካት ፈርቶ ያችኑ የሚያውቃትን ሁለተኛ እንደያዘ፣ ሞተሩ እያጓራ፣ እሱ እያላበው፣ ኤሊ በሚያህል ፍጥነት ደረሰ። ሻምበሉ «በቀኝ ቁም» አለው። በቀኝ የሚቆሙት ማለፋቸውን አላወቅንም ነበር።

የአብዲ ተራ ደረሰ። ሲወጣ ድምፁን ሰማነው፤ ሌሎቹ ወታደሮች ሳይቀሩ ወሬያቸውን አቁመው አዳመጡ። አንዱ «ይሄ ይችላል» ሲል ሰማሁ። የእኔ ልጅ ነው ልለው ነበር፣ ዳሃቦ ቆነጠጠችኝ። ከዚያ አናቱ ላይ ድምፁ ጠፋ።

ዝም አለ። ሁሉም ሲወርዱ ተራራው ያጓራ ነበር፣ አሁን ጭጭ።

ደረቴ ሞላ። «አየሽ ዳሃቦ» አልኳት፣ «የአባቱ ልጅ። ለመንግሥትም ቢሆን ጠብታ አያባክንም።»

ተማምን ዘወር ብዬ አየሁት። መጀመሪያ ላይ ፈገግ ብሎ ነበር። ከዚያ ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። የሻምበሉን ፊት ነው ያየው። ከእኔ ቀድሞ ገባው።

አብዲ ያለ ድምፅ መጣ፣ ሻምበሉ ፊት ቀጥ አድርጎ አቆመው፣ ሰላምታ ሰጠ። ጥርሱ ሁሉ ይታያል።

«ለምን አጠፋኸው?» አለው ሻምበሉ።

«ቤንዚን ለመቆጠብ ነው፣ ጓድ ሻምበል።»

«የሠራዊቱን ቤንዚን?»

«አዎ፣ ጓድ ሻምበል። ከላይ እስከ ታች ምንም አልነካሁም።»

አንዳንድ ወታደሮች ሳቁ፣ ሻምበሉ አልሳቀም። «በግራ ቁም» አለው።

ተማም ሞተሩን ትቶ ወታደሮቹን ገፍቶ ገባ። እንዴት እንዳልመቱት እስካሁን ይገርመኛል። ሻምበሉ ፊት ደርሶ፣ «ጌታዬ፣ እኔ ነኝ ያስተማርኩት» አለው።

«ጓድ በለኝ» አለው ሻምበሉ።

«ጓድ ጌታዬ፣ እኔ ነኝ ያስተማርኩት። እሱ የነገርኩትን ነው ያደረገው። አንዴ ብቻ ይመለስና በማርሽ ይውረድ፣ ይችላል፣ ያዩታል።»

«መቻሉንማ ሲወጣ ሰምቼዋለሁ» አለ ሻምበሉ። «ከሁሉም ይበልጣል። ግን ስማ፣ ከኋላው ባለሥልጣን የጫነ መኪና አለ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ማርሹ ዜሮ ሆኖ፣ ፍሬኑ ሲግል ምን ይይዘዋል? ኩርባው ላይ እሱ ገደል ሲገባ መኪናው ይከተለዋል። በወጣህበት ማርሽ ውረድ የሚባለውን አታውቅም? አሮጌ ሾፌር አይደለህም?»

«አውቃለሁ ጌታዬ። ከልጅነቴ አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ቤንዚን በኩፖን ከሆነ ወዲህ…» አለና ተማም አፉን ያዘ። ይህን ቃል ሌላ ሰው ፊት ቢጨርሰው ልጁን ተከትሎ እሱም ይሄድ ነበር። ሻምበሉ ያልሰማ መሰለ። «ደግሜ ብፈትነው ሁሉንም እንድደግም ይጠይቁኛል» አለ። «የሰሜን ግንባር ደግሞ ሰው እየጠበቀ ነው። ሂድ አባቴ፣ ወደ ቤትህ ሂድ።»

አብዲ በግራ ቆሞ ያየናል። ምን እንዳጠፋ ገና አልገባውም። ዒልሚ በቀኝ ቆሞ፣ እሱም ምን እንዳለማ አልገባውም። ዳሃቦ ደስታዋን ከእኔ ለመደበቅ ፊቷን በሻሽዋ ሸፈነች። አልተቀየምኳትም። እኔም ብሆን ሌላ ምን አደርግ ነበር?

በሳምንቱ ሻምበሉ በወታደር ተማምን አስጠራው። እኔም ሞተሩ ላይ ከኋላው ተቀምጬ ሄድኩ፤ ልጃችንን ሊመልሱልን ነው ብዬ ንጹሕ ሸሚዙን ይዤ ነበር። ሻምበሉ ከቢሮው ወጥቶ ጥላ ሥር አናገረን።

«ያለፉት ልጆች ማርሽ ሲቀይሩ ጆሮ ይበሳሉ» አለ። «ባለሥልጣን ፊት እንዲህ ሆነው ሊወጡ አይችሉም። አስተምርልኝ። ከመሥሪያ ቤትህ ጋ እኔ እነጋገራለሁ።»

«ልጄስ ጓድ ሻምበል?» አለ ተማም።

«ስለ ልጅህ እናያለን።»

እናያለን። ይህን ቃል ስንት ሌሊት እንዳገላበጥነው አትጠይቁኝ። እኔ «አዎ ማለቱ ነው» እላለሁ፣ ተማም «ድምፁ አዎ አይመስልም» ይላል፣ በማግሥቱ እሱ «አዎ ሳይሆን አይቀርም» ይላል፣ እኔ እጠራጠራለሁ። ብቻ ተማም ሄደ፣ አስተማረ። እንዲህ አድርጎ ሲያስተምር አይቼው አላውቅም። ሥራው ካማረ ልጁ የሚመለስ መስሎት ነበራ። የሰው ልጆችን ዓይናቸውን በጨርቅ አሰረ፣ ትከሻውን አስመታ፣ «ሱታ፣ ሱታ» አለ። ደንገጎ አናት ላይ ሲደርሱ ደግሞ ወርዶ ፊታቸው ይቆምና፣ «እዚህ ሞተር የሚያጠፋ እጁን እቆርጠዋለሁ» ይላቸዋል። ዒልሚ ነው የነገረኝ።

እሱም ራሱ ከዚያ ወዲህ አጥፍቶ አይወርድም። እንደ አዲስ አበባ ሰው እያጓራ ይወርዳል። ቤንዚን አይተርፍም፣ ቢዮ አዋሌም ቀረ።

አብዲን የወሰዱት ሳይነግሩን ነው። ባቡር ከሁርሶ ጭኗቸው ሄደ፤ እኛ የሰማነው በሦስተኛው ቀን ነው። ተማም ወደ ሻምበሉ ሮጠ። «ከእጄ ወጥቷል፣ ግን ጽፌያለሁ፣ እናያለን» አለው። ያንን ይዘን ደግሞ ቆየን።

ከዚያ በኋላ አንድ ወሬ ብቻ ነው የመጣልን። ክንዱ ላይ ተመትቶ የተመለሰ የገንደ ቆሬ ሰፈር ልጅ ቤታችን ድረስ መጣ። አብዲ ደኅና ነበር አለ፣ እሱ እስከነበረበት ድረስ። ሞተር የሚባል ነገር እዚያ የለም፣ በእግር ነው፤ የጥይት ሳጥን በትከሻ ተሸክመው ተራራ ነው የሚወጡት። ዳገቱ መሃል ላይ ሰው ሲደክም አብዲ፣ «ጓዶች፣ ሳታስሉ ማርሽ ቀንሱ» እያለ ያስቃቸዋል አለን። እኔም ሳቅሁ። ተማም ተነስቶ ጓሮ ሄደ። እንግዳው ልጅ የያዘውን ሻይ ሳይጨርስ አስቀምጦ፣ «እማማ፣ ከዚያ ወዲያ አላየሁትም፣ ውጊያ ነበር» አለኝ። ራዲዮኑ ግን በዚያ ሰሞን ድል ነበር የሚያወራው።

ሻምበል ገብረወልድም አንድ ቀን ሰሜን ተላከ። በእሱ ቦታ ሻለቃ መጣ። ተማም ወደ ሻለቃው ገብቶ ስለ ልጁ ሲጠይቀው፣ «የምን ልጅ?» አለው። ነገሩን ከሥሩ ተረከለት። ሻለቃው እስኪጨርስ ሰማውና፣ «አዲስ ምልምሎች ሰኞ ይመጣሉ፣ አዘጋጃቸው» አለው። አልሠራም ማለት አይቻልም። የሠራዊት ሥራ ጀምረህ አልሠራም ካልክ ምን እንደሚከተል ሕፃን ያውቃል። ሰኞ ሄደ። ከዚያም በኋላ ሌሎች መጡ። ከእሱ እጅ የወጣ አንድም ልጅ ሳያልፍ ቀርቶ አያውቅም።

በአብዮት በዓል ቀን ቀበሌ ሰልፍ ውጡ ብሎ ሁላችንንም ከዚራ አሰለፈን። አንድ ትልቅ ባለሥልጣን መጥቶ ነበር። አጃቢዎቹ ቀደሙ፣ ነጭ ጓንት አድርገው፣ ሁለት ሁለት ሆነው፣ ዒልሚ ከፊት። መድረኩ ጋ ሲደርሱ ፍጥነት መቀነስ አለባቸው። እኔ ስንት ዓመት በዚያ ሞተር ጀርባ የተቀመጥኩ ሴት ነኝና ሰዓቱ ሲደርስ ጉልበቴ ነገረኝ። ሁሉም በአንዴ ማርሽ ቀነሱ። አንድ ድምፅ ብቻ፣ ለስለስ ያለ። ሰው አጨበጨበ፣ ይህን ጊዜ ማንም ሳያዘው። ተማም አጠገቤ ቆሞ የግራ እጁ ጣቶች በባዶው ይጨበጣሉ፣ ይዘረጋሉ፣ ፍሪሲዮን እንደሚይዝ ሰው።

ክፉ ሴት አይደለሁም። ግን በዚያች ደቂቃ ከመካከላቸው አንዱ በተሳሳተ፣ አንዱ በወደቀ ብዬ ተመኘሁ። ማንም አልተሳሳተም።

ዳሃቦ በሰው መሃል ተጋፍታ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «ቱሪያ እህቴ፣ እናንተ ናችሁ ልጄን ያተረፋችሁልኝ። አብዲ አስጀመረው፣ አባቱ ጨረሰው። አላህ ውለታችሁን ይክፈላችሁ» እያለች ታለቅሳለች። በማግሥቱም ሐልዋ ይዛ መጣች፣ ከእሷ ጋር ሌሎች ሁለት እናቶች፣ አንዷ በመስቀሏ የምትምል የባቡር ሠራተኛ ሚስት። ሁሉም የተማምን እጅ ሊስሙ ፈለጉ። እሱ እጁን ወደ ኋላ ሸሸገ። እኔ ሻይ ቀዳሁላቸው፣ «እሰይ፣ እንኳን ደስ አላችሁ» አልኳቸው። ከልቤ አልነበረም። ከየት አምጥቼ?

ሲሄዱ ተማም ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ሐልዋውን ሳይነካው ብዙ ቆየ።

«ቱሪያ» አለኝ። በስሜ ሲጠራኝ ስንት ጊዜው ነው።

«አቤት።»

«አሁን እኮ እንዴት እንደማስተምረው አውቄአለሁ» አለ። «አንድ ሳምንት ቢሰጡኝ። አንድ ሳምንት ብቻ።»

ዝንብ እንዳያርፍበት ሐልዋውን ሸፈንኩት።